የሳሩማን አንደበትና የፒፒን ዕድገት

ተማሪዎች አንድ ልብ ወለድ አንብበው ከጨረሱ በኋላ «ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ማንን ወደዳችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ብዙውን ጊዜ መምህሩ የሚጠብቀውን መልስ አይሰጡም። ጀግናውን አልፈው እኩዩን ይመርጣሉ። በተለይ ምናባዊ ልብ ወለድ በምንለው የድርሰት ዓይነት ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። አለባበሱ ያማረ፣ አነጋገሩ የተዋበ፣ በአካሄዱ የሚኮራ ክፉ ሰው ብቅ ሲል ክፍሉ ይነቃቃል፤ እየተሳሳተ፣ እየወደቀና እየተነሣ የሚያድገው ታናሽ ጀግና ግን «ይሰለቻል» ይባላል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ቆጥረው ተማሪውን ሲገሥጹ እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። የምርጫው ምክንያት ከተማሪው ልብ ይልቅ በድርሰቱ አሠራር፣ ከዚያም በላይ እኛ መምህራን ድርሰትን ቆራርሰን በምናቀርብበት መንገድ ውስጥ ይገኛል እንላለን።

ነገሩን በአንድ ታዋቂ መጽሐፍ እንመርምረው። በእንግሊዝኛ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተሰኘውና በአማርኛ «የቀለበቶቹ ጌታ» ልንለው የምንችለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ታተመ። ደራሲው ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1892 ዛሬ ደቡብ አፍሪካ በምትባለው አገር፣ በብሉምፎንቴን ተወልደው በእንግሊዝ አገር ያደጉ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲም ጥንታዊ እንግሊዝኛን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ታሪኩ ሲጠቃለል፣ ዓለምን የሚገዛ የክፋት ቀለበት በተሠራበት እሳት ውስጥ ተመልሶ እንዲጠፋ ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ የሚወድቀው ሆቢት በሚባሉ፣ ቁመታቸው የሰው እኩሌታ በሆነ፣ ከምግብና ከዕረፍት በቀር ብዙ በማይመኙ ሕዝቦች ላይ ነው። ከብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት ውስጥ ሁለቱን ብቻ እንወስዳለን፤ አስማተኛውን ጠቢብ ሳሩማንንና ከአራቱ ተጓዥ ሆቢቶች በዕድሜ የሚያንሰውን ፒፒንን።

ሳሩማን የጠቢባኑ አለቃ ነው። ዕውቀቱ የውሸት አይደለም፤ ይህን ተማሪዎች በቅድሚያ ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል። መኖሪያው አይዘንጋርድ በተባለ ቅጥር መካከል የቆመ ኦርታንክ የሚሉት ጥቁር የድንጋይ ግንብ ሲሆን፣ መለያውም ነጭ ልብስ ነበር። ጋንዳልፍ የተባለው ሌላው ጠቢብ ሊያነጋግረው በሄደ ጊዜ ግን ነጭ መስሎ የታየው ካባ ከልዩ ልዩ ቀለማት የተሸመነ፣ ባለቤቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚለዋወጥና ዓይን የሚያወናብድ ሆኖ ያገኘዋል። ጋንዳልፍ ነጩ ይሻለው እንደ ነበር ብቻ ይመልሳል። ከዚያ ሳሩማን ቀና ብሎ ቆሞ፣ አስቀድሞ የተለማመደው የሚመስል ንግግር ያሰማል። ደራሲው ይህችን የልምምድ ነገር በዋዛ አላስገቧትም። ሳሩማን ተመልካች ከሌለ የሚጎድልበት ሰው ነው።

ዋናው ትዕይንት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። የሳሩማን ጦር ተሸንፎ፣ ቅጥሩም የዛፍ እረኞች በሆኑት በኤንቶች ፈራርሶ፣ እሱ በግንቡ ውስጥ እንደ ተዘጋበት ንጉሥ ቴዮደንና ጋንዳልፍ ሊያነጋግሩት ይመጣሉ። የቀረው መሣሪያ ድምፁ ብቻ ነው። ደራሲው ስለ ድምፁ ጣዕም ብዙ ቅጽል ከመደርደር ይልቅ የሰሚዎቹን ሁኔታ ያሳዩናል። የሰሙት ሰዎች በኋላ ምን እንደ ተባለ መድገም ያቅታቸዋል፤ ያ ድምፅ ሲናገር ሁሉ ነገር ጥበብ ይመስላል፤ ሌላ ሰው ሲናገር ግን ሻካራና ያልተማረ ይሆንባቸዋል። ከብዙ ዝምታ በኋላ ንጉሡ እምቢታውን ሲገልጽ፣ ከዚያ ሙዚቃ ቀጥሎ የተሰማው የእሱ ድምፅ እንደ አሮጌ ቁራ ጩኸት ሆኖ ለገዛ ወታደሮቹ ይከብዳቸዋል። እውነቱን የተናገረው ግን ቁራው ነበር።

በአገራችን «አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ» ይባላል። አባባሉ ለሳሩማን ይስማማል፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ ብንዘጋው ትዕይንቱን እናሳንሰዋለን። ሳሩማን ንጉሡን ሲተውና ወደ ጋንዳልፍ ፊቱን ሲመልስ አዲስ ነገር ይሆናልና። በዚያን ጊዜ የሚናገረው እንደ እኩያ ለእኩያ፣ እንደ ሊቅ ለሊቅ ነው። በዙሪያው የቆሙት ሁሉ የታላላቆችን ጨዋታ ከበር ውጭ ሆነው እንደሚያዳምጡ ሕፃናት ራሳቸውን ትንሽ አድርገው ያያሉ። የድምፁ አደጋ እዚህ ላይ ይመስለናል። ሐሰት መናገሩ አንድ ነገር ነው፤ ሰሚውን ሁሉ ማሳነሱ ግን ይብሳል። ጋንዳልፍ አስማቱን የሰበረው በምን እንደ ሆነ ተማሪዎችን መጠየቅ ደስ ይላል። በክርክር አልነበረም፤ ሳቀበት።

በዚሁ ሰዓት ፒፒን የት ነበር? በግንቡ ደረጃ ሥር፣ ከጓደኛው ከሜሪ ጋር፣ የማይፈለግ ሰው መሆኑ እየተሰማው ተቀምጧል። አንባቢ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ክፉው በሰገነት ላይ ቆሞ ዓለምን ሲያናግር፣ የሚያድገው ሰው ከታችኛው ደረጃ ላይ ነው።

ፒፒን እስከዚያ ድረስ ያደረገውን ብንቆጥር የሚያኮራ አይደለም። ጉዞው ሲጀመር ከሆቢቶች ሕግ አንጻር ለአካለ መጠን እንኳ አልደረሰም፤ በእነሱ ዘንድ አካለ መጠን የሚደረሰው በ33 ዓመት ነውና። ታላቁ ኤልሮንድ ከጉዞው እንዲቀር ፈልጎ ነበር። ሞሪያ በተባለው የተራራ ዋሻ ውስጥ ድምፅ ማሰማት አደገኛ በሆነበት ቦታ፣ ጥልቀቱን ለማወቅ ብሎ በጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ይጥላል። ከሳሩማን ግንብ ተወርውሮ የወደቀውን፣ ፓላንቲር የሚባለውን የሩቅ ማሳያ ክብ ድንጋይ ደግሞ በዚያው ሌሊት ከተኛው ከጋንዳልፍ ዘንድ ሰርቆ ይመለከታል፤ ለጥቂትም ሁሉን ነገር አደጋ ላይ ይጥላል። የማወቅ ጉጉት እንጂ ክፋት የለበትም፤ ግን ጉጉቱ ዋጋ ያስከፍላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ቀደም ብሎ አንዲት ትንሽ ነገር ተደርጋለች፤ ብዙ አንባቢ አያስታውሳትም። ፒፒን በጠላት ተማርኮ እጁ ታስሮ ሲነዳ፣ ለጥቂት ቅጽበት ከመንገድ ወጥቶ ይሮጥና በካባው ላይ የነበረውን የቅጠል ቅርጽ ያለው መርፌ ቁልፍ ሆን ብሎ ይጥላል። የሚከተሉት ወዳጆች ካሉ ምልክት እንዲሆናቸው ነው። ማንም አላዘዘውም፤ እንደሚጠቅምም እርግጠኛ አልነበረም። በእኛ አስተያየት የፒፒን ዕድገት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ለዴኔቶር በሙሉ ፈቃዱ አገልጋይነት መግባቱ፣ ያ ጌታ አእምሮው ታውኮ ልጁን ፋራሚርን ከነሕይወቱ ሊያቃጥል ሲል ጋንዳልፍን ሮጦ አምጥቶ ማስጣሉ፣ የዚያች መርፌ ቁልፍ ተከታይ ነው። ድንጋይ ጣዩ ልጅና ቁልፍ ጣዩ ምርኮኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ከመጣሉ በፊት ማሰቡ ነው። ደራሲው ነገሩን በቀልድም አስደግፈውታል። ፒፒንና ሜሪ ከኤንቶቹ መጠጥ በመጠጣታቸው ቁመታቸው በእርግጥ ጨምሯል፤ አገራቸው ሲመለሱ ልብሳቸው እስኪያጥራቸው ድረስ።

እንግዲህ ችግሩን ተመልከቱ። ሳሩማን በአንድ ገጽ ይገባል። ፒፒን ግን ከሺህ ገጽ በላይ ይፈልጋል። እኛ በክፍል ውስጥ የምናቀርበው ምንድን ነው? አንድ ገጽ ምንባብና ከሥሩ አሥር ጥያቄ። በአንድ ገጽ ውስጥ አድጎ የሚያልቅ ሰው የለም፤ በአንድ ገጽ ውስጥ አምሮ የሚታይ ሰው ግን ሞልቷል። ስለዚህ በምንባብ ብቻ የተማረ ልጅ እኩዩን ቢመርጥ፣ ከቀረበለት ውስጥ የተሻለውን መርጧል ማለት ነው። በጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሰባት ቅጽ መጻሕፍት (እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007) ውስጥም ነገሩ አንድ ነው። በመጀመሪያው ቅጽ እንቁራሪቱ የሚጠፋበትና ክፍል የሚስቅበት ኔቪል፣ በሰባተኛው ላይ የክፉውን እባብ ራስ የሚቆርጥ ይሆናል። በሁለተኛው ቅጽ ላይ የሚያምረው ሎክሃርት ግን በፈገግታውና በልብሱ ወዲያው ይታወቃል። ኔቪልን ለማወቅ ሰባት መጽሐፍ መታገሥ ያስፈልጋል።

ሲኒማውም አልረዳንም። ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ባወጧቸው ሦስት ፊልሞች ሳሩማንን የተጫወቱት ክሪስቶፈር ሊ ግርማና ድምፅ የተሰጣቸው ተዋናይ ነበሩ፤ አናማርርም። ነገር ግን ፊልሙ ሆቢቶቹ ወደ አገራቸው ሻየር ተመልሰው አገሩ በወሮበሎች ተይዞ የሚያገኙበትን ምዕራፍ ጨርሶ ትቶታል። የታናናሾቹ ዕድገት የሚፈተነው ደግሞ በዚያ ምዕራፍ ነው። ጋንዳልፍ እንኳ ከመንገድ ተለይቷቸዋል፤ የእሱ እርዳታ ከእንግዲህ እንደማያስፈልጋቸው አስታውቆ። ወሮበሎቹ ቀለበቱን ተሸክሞ የነበረውን ፍሮዶን ሲያላግጡበት ሰይፍ መዝዞ የሚቆመው ፒፒን ነው፤ ከዘመዶቹ መካከል መቶ ሰው አሰልፎ የሚመጣውም እሱ ነው። በውጊያው ከወሮበሎቹ 70 ያህል፣ ከሆቢቶቹ 19 ይሞታሉ። አለቃ ሆኖ አገሩን ያስጠፋው ሰው ማን ሆኖ ይገኛል? ግንቡንና በትሩን ያጣው ሳሩማን።

በደራሲው ላይ አንድ ቅሬታ አለን። ፒፒን በአገሩ የታላቅ ቤት ልጅ፣ የሹም ወራሽ ነው፤ ታናሽነቱ በውጭው ዓለም ፊት እንጂ በሻየር ውስጥ አይደለም። በእርግጥ ከታች የመጣው አትክልተኛው ሳም ነው። የሳም ነገር ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይጠይቃል።

መምህራን ምን ያድርጉ ለሚለው፣ የሳሩማንን ምንባብ ከክፍል አናስወጣ። ይልቁን ተማሪዎች ወደ አማርኛ ይመልሱት። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ተውላጠ ስም ይጠቀማል፤ አማርኛ ግን አያስመልጥም፤ «አንተ» ወይስ «እርስዎ»? ሳሩማን ንጉሡን ሲያባብል «እርስዎ» ማለቱ ግልጽ ነው። ንጉሡ እምቢ ሲለውና እሱም ቁጣው ገንፍሎ የንጉሡን ቤት የሽፍቶች መጠጫ ጎጆ አድርጎ ሲሰድበው «አንተ» ይሆናል። ይህን የሚተረጉም ተማሪ ውበቱ የተሰነጠቀበትን ዓረፍተ ነገር በጣቱ ያሳያል። ስለ ፒፒን ደግሞ መጽሐፉን ማግኘት የቻለ ክፍል ወሩን ሙሉ አንድ ደብተር ይያዝ፤ በየምዕራፉ ሳይታዘዝ ያደረገውን ብቻ ይመዝግብ። መጽሐፉ አንድ ብቻ ከሆነ በየተራ እየተነበበ ቢሰማም ይሆናል።

ከዕጩ መምህራን ጋር ይህን ስንሠራ ክርክሩ የጠነከረው በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ነው። ፍሮዶ ሳሩማንን እንዳይገድሉት ይከለክላል፤ ሳሩማንም በጩቤ ወግቶት ጩቤው ከተሰበረ በኋላ እንኳ ምሕረት ያደርግለታል። ያን ጊዜ ሳሩማን የሚናገረው ስለ ፍሮዶ ማደግ ነው፤ ይህንንም የሚናገረው በጥላቻ ነው። ያ ግሥ በአማርኛ በአንተ ይነገር ወይስ በአክብሮት? ግማሾቹ ንቀቱ እስከ ሞቱ ስለማይለቀው በአንተ ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ያ አንደበት ብዙ ጊዜ ለማታለል የተጠቀመበትን አክብሮት እዚህ ላይ ሳይወድ በግዱ ያወጣዋል ሲሉ ተከራከሩ። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን።