በቤተ ማርያም አፋፍ

ቤተ ክርስቲያናችን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሁለተኛው አድርጋ የምታስተምረውን ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ይኸውም ዘመን የማይቆጠርለት አምላክ ከድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ ሰው የመሆኑን ነገር፣ ሊቃውንቱ በጉባኤ በብዙ ቃል ሲያመሠጥሩት፣ የላሊበላ ካህናት ግን በልደት በዓል፣ ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 28)፣ በአቋቋማቸው ብቻ ለምእመኑ ሁሉ ያስረዱታል። ከፊሎቹ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለውን ቤተ ማርያምን በከበበው ገደል አፋፍ በመላእክት አምሳል፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው በእረኞች አምሳል ቆመው፣ በከበሮና በጸናጽል ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ፣ ሰማያውያንና ምድራውያን በአንድ ልደት አንድ ማኅበር መሆናቸውን ዓይን ያያል፤ ጆሮም ይሰማል።

እኔ አብልጬ የማደንቀው የታችኞቹንና ለበዓሉ የመጣውን ምእመን ነው። አምላክ የሚራብና የሚደክም ሥጋ ተዋሕዷልና፣ ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ አቧራ ለብሶ የመጣው ገበሬም፣ ሕፃን ያዘለችው እናትም፣ ሥጋቸው የተናቀ ነው ሊባል ከቶ አይቻልም፤ የአገሩ ሰው የእነዚህን እንግዶች እግር ማጠቡም ከማኅሌቱ የማይለይ አምልኮ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቢሆንልህ ሄደህ ተሳለም፤ ባይሆንልህም በደጅህ የመሸበትን መንገደኛ አሳድር።