የቨርጂኒያ ትምባሆ ጣዕም፦ ቅጠል፣ እሳትና ውኃ

ቨርጂኒያ የሚባለው የፒፓ ትምባሆ ዛሬ የሚመጣው ከአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት ብቻ አይደለም። ቻይና፣ ብራዚል፣ ሕንድ፣ ዚምባብዌና ሰሜን ካሮላይናም በብዛት ያመርቱታል። ከሌላው ትምባሆ የሚለየው አደራረቁ ነው። ቅጠሉ ጭስ በማይገባበት ማድረቂያ ቤት ተሰቅሎ በቧንቧ በሚተላለፍ ሙቀት ይደርቃል። መጀመሪያ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ እርጥብ ሙቀት ቆይቶ ቢጫ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ቀጥሎ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ወደ 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከፍ እያለ ሲሄድ ቅጠሉ ይሞታል፤ ስኳሩም ሳይበላ በዚያው ይቀራል። ሥራው በአንድ ሳምንት ገደማ ያልቃል። በጥላ ሥር በነፋስ ለሳምንታት ተሰቅሎ የሚደርቀው በርሊ ግን ቀስ እያለ ስለሚሞት ስኳሩን ራሱ ይጨርሰዋል። ቨርጂኒያ ጣፋጭ፣ በርሊ ደግሞ ደረቅና ለውዝ ለውዝ የሚል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ አደራረቅ ታሪክ ሲነሣ ሰሜን ካሮላይና ያለው የካስዌል አውራጃ አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1839 በአቢሻ ስሌድ እርሻ ላይ ስቲቨን የሚባል በባርነት የተያዘ ወጣት ማድረቂያ ቤቱን ይጠብቅ ነበር። እሳቱ ሊጠፋበት ሲል ከቀጥቃጭ ምድጃ ከሰል አምጥቶ ጨመረበት፤ ድንገተኛው ሙቀትም ቅጠሉን ደማቅ ቢጫ አደረገው ተብሎ ይተረካል። ቅጠሉ ለአሳዳሪው ዝናና ገንዘብ አመጣለት። ቨርጂኒያ በፒፓው የሚያጨስ ሰው ሁሉ ግን ባለዕዳነቱ ለስቲቨን ነው።

ፒፓ አዲስ የጀመረ ሰው ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ከፍቶ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ሁሉም ጣፋጭ ከሆኑ በምን ይለያያሉ? የሚለያዩት በአራት ነገር ነው፤ በቅጠሉ ቀለም፣ ከደረቀ በኋላ በሚያገኘው ሙቀትና ጫና፣ በዕድሜው፣ እንዲሁም በሚጨስበት ሰዓት በያዘው ውኃ። ብዙ የሚወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ፍርድን የሚያበላሸው ግን የመጨረሻው ነው።

በቀለም ቨርጂኒያ በሦስት ይከፈላል። ሎሚ መሳዩ ቢጫ ቅጠል ሲሸተት ትኩስ ድርቆሽ ይሸታል፤ ጭሱም የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ስለት አለው። ብርቱካንማው መካከለኛ ነው፤ ስለቱ ይቀንስና ማርና የዳቦ ቅርፊት የሚያስታውስ ጣዕም ይመጣል። ቀዩ ይበልጥ የበሰለና ብዙውን ጊዜ ከግንዱ ላይኛው ክፍል የተለቀመ ነው። ዘቢብ፣ የደረቀ በለስና ደብዘዝ ያለ ኮምጣጤ በአንድነት ይዟል። በግንዱ ላይ የቅጠሉ ቦታ ወደ ላይ በወጣ መጠን ቅጠሉ እየወፈረ፣ ኒኮቲኑም እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ቢጫ የበዛበት ቅይጥ ለጠዋት፣ ቀይ የበዛበት ለማታ ተብሎ የሚሰጠው ምክር ከልማድ ያለፈ ምክንያት አለው።

ቀለሙ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በአንድ እርሻ የበቀለ ቅጠል ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ እንዳለ ቢከተፍ፣ ግማሹ ደግሞ በእንፋሎት ሞቆ፣ በከባድ መጫኛ ታጭቆ፣ ለቀናት ቢቆይ ሁለት ልዩ ልዩ ትምባሆ ይወጣል። ሙቀቱ ስኳሩን ከሌሎቹ የቅጠሉ ንጥረ ነገሮች ጋር ያዋህደዋል፤ ቢጫው ይጠቁራል፣ የሎሚው ስለት ይረግፋል፣ በምትኩ ሞላሰስና የተጋገረ ፍሬ ይመጣል። የአንድ ጫካ ቡና ለስለስ ብሎ ሲቆላና ጠቁሮ ሲቆላ እንደሚለያየው ያህል ይለያያሉ።

ይህን ለማየት ሦስት የታወቁ ስሞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያው በሰሜን እንግሊዝ ከኬንዳል ከተማ የሚወጣው የሳሙኤል ጋዊዝ ፉል ቨርጂኒያ ፍሌክ ነው። ቅጠሉ በእንፋሎትና በጫና ጠቁሯል፤ ቁራጮቹ ወፍራምና እርጥብ ናቸው። ጭሱ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚናገር ነው፤ የደረቀ ፕለምና ጥቁር ዳቦ ያለበት፣ ስለት ፈጽሞ የሌለው። ሁለተኛው የዴንማርኩ ኦርሊክ ጎልደን ስላይስድ ነው። ይህ ደማቅ ቢጫ፣ ስስና በእኩል የተቆረጠ ሲሆን ሎሚና ድርቆሽ ፊት ለፊት ይመጡበታል። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 2018 በካንሳስ ሲቲ ይሠራ የነበረው የማክሌላንድ ምርት ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት የሚወጣው የካቻፕና የኮምጣጤ ሽታ ብዙዎችን ያስደነግጥ ነበር። ሲጨስ ግን ያ ሽታ ይሄድና የቀይ ቅጠሉ የፍራፍሬ ጣፋጭነት ብቻ ይቀራል። የቆርቆሮ ሽታና የጭስ ጣዕም አንድ አለመሆናቸውን ከማክሌላንድ የተሻለ ያስተማረ ትምባሆ የለም።

ከአቆራረጥ አንጻር ብዙ የሚባል የለም። ፍሌክ የሚባለው ታጭቆ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ቁራጭ፣ ሳንቲም መሳይ ክብ ቁራጭ፣ የታሸና የተከተፈ ሁሉም የሚወስኑት የሚነድበትን ፍጥነት ነው። ጥብቅ ሆኖ የተሞላ ፍሌክ ቀስ ብሎ ቀዝቀዝ እያለ ይነድዳል፤ በስሱ የተከተፈው ፈጥኖ ይግላል። ጀማሪ ፍሌኩን በደንብ አሽቶ ቢሞላ የሚያጣው ጥቂት ነው።

ስለ ፔሪክ ግን የከረረ ክርክር አለ። ይህ ትምባሆ የሚመጣው በሉዊዚያና ካለው የሴንት ጄምስ አካባቢ ነው። ፒየር ሼኔ የተባለ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1824 ለገበያ እንዳበቃው ይነገራል። ቅጠሉ በውስኪ በርሜል ታጭቆ በራሱ ጭማቂ ዓመት ያህል ይብላላል፤ በመካከሉም እየወጣ አየር እያገኘ ይመለሳል። ቁንዶ በርበሬና የበሰለ ፕለም የሚል ጣዕም አለው። ኤስኩዶ የተባለው ታዋቂ ክብ ቁራጭ የቨርጂኒያና የፔሪክ ቅይጥ ነው፤ ኦርሊክም ውስጥ ጥቂት ይገኝበታል። ፔሪክ የገባበትን ከንጹሕ ቨርጂኒያ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ፔሪክ ቅጠሉን ወፍራም ያስመስለዋል፣ የጎደለውንም ይሸፍንለታል። የንጹሕ ቨርጂኒያ ሠሪ ግን መሸሸጊያ የለውም፤ ቅጠሉ ደካማ ከሆነ ደካማነቱ በመጀመሪያው ጭስ ይታወቃል። ሠሪውን የሚለካ መለኪያ ከተፈለገ ያለ ፔሪክና ያለ ማጣፈጫ የቀረበው ቨርጂኒያ ነው።

ዕድሜ ከሁሉም የትምባሆ ዓይነቶች ይልቅ ለቨርጂኒያ ይሠራል። ምክንያቱም ስኳሩ ነው። በታሸገ ቆርቆሮ ወይም ክዳኑ በጠበቀ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ዓመታት ሲያልፉ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ስለቱ ይለዝባል፣ ተለያይተው ይሰሙ የነበሩ ጣዕሞች ይዋሐዳሉ። ብዙ የሚጠቀመው ቢጫው ነው። አስቀድሞ በሙቀት የጠቆረው የሚቀረው መንገድ አጭር ስለሆነ ለውጡም ያንሳል። አምስት ዓመት ያረፈ ቢጫ ፍሌክን ባለፈው ወር ከተሠራው ጋር አወዳድሮ ስለ ሠሪዎቹ መፍረድ ስለዚህ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። ብዙ ፍሌክ የሚሸጠው እርጥብ ሆኖ ነው። እርጥበቱ ቁራጩ እንዳይፈረፈር፣ በመንገድና በመደርደሪያ ላይም እንዳይደርቅ ይጠቅማል። ከፊሉ ሠሪ ፕሮፒሊን ግላይኮል ስለሚጨምርበት ቆርቆሮው ተከፍቶ ቢያድርም ቅጠሉ እርጥበቱን አይለቅም። እርጥብ ትምባሆ ሲነድ ፍሙ ውኃውን ማፍላት አለበት። አጫሹም እንዳይጠፋበት አጥብቆ ይስባል፤ አጥብቆ ሲስብ ፍሙ ይግላል፤ የጋለው እንፋሎት ምላሱን ይለበልበዋል። ምላሱ የተለበለበ ሰው የቀመሰው እንፋሎቱን ነው፤ ቅጠሉን አልቀመሰም። ቨርጂኒያ ምላስ ይቆርጣል የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው፤ ጥፋቱ በአብዛኛው የውኃው ነው።

ከቆርቆሮው እንደወጣ ወዲያው መጨስ አለበት የሚሉ አሉ፤ ሠሪው ያሰበው እርጥበት ያ ነው ይላሉ። ክርክሩ አያስኬድም። ሠሪው እርጥበቱን ያሰበው ለጉዞና ለማከማቻ ነው፤ ለፍም ያሰበው ቢሆን ኖሮ ፍሌኩ ሳይጠፋ ይነድ ነበር። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ከአንድ ቆርቆሮ አንድ ፍሌክ ወጥቶ ለሁለት ይከፈል። ግማሹ እንደወጣ ይጨስ፤ ግማሹ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከደረቀ በኋላ ይጨስ። ምንነቱ ሳይነገረው የቀመሰ ሰው ሁለት የተለያዩ ትምባሆዎችን እንዳጨሰ ይናገራል። የመጀመሪያውን ቀጭንና ቁጡ፣ ሁለተኛውን ወፍራምና ጣፋጭ ይለዋል። አንድ ትምባሆ ከራሱ ይህን ያህል የሚርቅ ከሆነ፣ ሁለት ትምባሆዎችን በተለያየ እርጥበት አጭሶ ነጥብ መስጠት ምንም አይለካም።

ልኩን በጣት ማወቅ ይቻላል። በሁለት ጣት ቆንጥጠው ሲለቁት ተጣብቆ የሚቀር ገና ነው፤ ተንኮሻኩሾ የሚፈረፈር አልፎበታል። ቀስ ብሎ የሚፈታ፣ ሲነኩት የደረቀ የሚመስል ግን የማይሰበር ለፒፓ ደርሷል። የማድረቁ ሰዓት እንደ አየሩና እንደ ቁራጩ ውፍረት ይለያያል፤ የኬንዳሉ ወፍራም ፍሌክ ከዴንማርኩ ስስ ፍሌክ የበለጠ ይፈልጋል።

ውኃው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ሥርዓት አጭር ነው። ለማወዳደሪያ የሸክላ ፒፓ ይመረጣል፤ ከብራየር እንጨት የተሠራው ቀድሞ የተጨሰበትን፣ በተለይም በጭስ የሚደርቀውን ላታኪያ የተባለ ትምባሆ፣ አምቆ ይይዛል። ሁለቱ ትምባሆዎች በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት፣ አፍ ከቡናና ከቅመም ነጻ ሆኖ ይጨሱ። መሳቡ ዝግ ያለ ይሁን። ፍርድም ከመሐል በፊት አይሰጥ፤ የመጀመሪያው ሦስተኛ እጅ ስለ ክብሪቱና ስለ አሞላሉ ይናገራል፣ የመጨረሻው ስለ አጫሹ ትዕግሥት። ስለ ቅጠሉ የሚናገረው መካከለኛው ነው።

ከጣዕም ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ስኳር የበዛበት ትምባሆ ጭስ ወደ አሲድነት ያደላል፤ ኒኮቲንም ከእንዲህ ዓይነቱ ጭስ በአፍ ገጽ በኩል ወደ ሰውነት የሚገባው በዝግታ ነው። በርሊና ሲጋር በተቃራኒው ናቸው። ቨርጂኒያ ለዘብ ያለ የሚመስለው በዚህ የተነሣ ነው፤ ለዘብተኛ ጣዕም ግን ጉዳት አልባ ማለት አይደለም። ፒፓ ጭሱ ወደ ሳንባ ባይሳብም ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል። ሙያውን የሚያከብር ሰው ይህን አይደብቅም፤ ከማያጨስ ሰውና ከሕፃናትም ራቅ ብሎ ያጨሳል።

ከቨርጂኒያ ጋር ረጅም ዘመን የቆዩ አጫሾች ስለ ቅጠሉ ሲናገሩ መጨረሻቸው ስለ ጊዜ ማውራት ነው። ሌላው ትምባሆ ችኩልን ይታገሣል፤ ቅመም ወይም የላታኪያ ጭስ የችኮላውን ስሕተት ይሸፍንለታል። ቨርጂኒያ አይታገሥም። ለማድረቅ መጠበቅን፣ ቀስ ብሎ መሳብን፣ ቆርቆሮውን ለዓመታት ሳይነኩ ማስቀመጥን ይጠይቃል። በምላሹ የሚሰጠው ደግሞ በቀኑ ውስጥ ማንም የማይሻማበት አንድ ሰዓት ነው። ብዙዎች ሌላውን ሁሉ ትተው በዚህ ቅጠል የጸኑት ለዚያች ሰዓት ብለው ነው።

እንግዲህ ሁለት የቨርጂኒያ ቅይጦችን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የጣዕም መግለጫ ይተው። ቀለሙን ይይ፣ የተሠራበትን ዓመት ይመልከት፣ ፔሪክ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ፣ ሁለቱንም እኩል ያድርቅ። እነዚህን ካላሟላ የየትኛውንም ትምባሆ ስም አያንሣ፣ አይጣል።