«ደም መጣጭ አይደለሁም» ባይዋ ሞና

ደም መጣጭ ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የብራም ስቶከር ድራኩላ ነው፤ ማን እንደሆነ አሳምሮ የሚያውቅ፣ ሌላውን እንጂ ራሱን የማያታልል ባላባት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ኤ ቫምፓየር ስቶሪ» የተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን ነገሩን ገልብጦ ይጀምራል። ባለታሪኳ ሞና ደ ላፊት የፓሪስ ልጅ ናት፤ ሕልሟም የኦፔራ ዘፋኝ መሆን ነው። ሽራውዲ የተባለ ደም መጣጭ ባሮን ጠልፎ ግንቡ ውስጥ አስቀምጧታል፤ እንደ ራሱም አድርጓታል። እርሷ ግን አትቀበልም። የምትጠጣውን እንኳ «ቀይ ወይን ነው» ባይ ናት። ባሮኑ ሲሞት ሐሳቧ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ፓሪስ ተመልሶ መድረክ ላይ መቆም።

ጨዋታው የጣት ፍጥነት አይጠይቅም። ተጫዋቹ በማውዙ አንድ ነገር ጠቅ ያደርግና ልየው፣ ልንካው፣ ላናግረው ብሎ ይመርጣል፤ ከዚያም ለተዘጋው በር መላ ይፈልጋል። ሥራውን የመሩት ቢል ቲለር እ.ኤ.አ. በ1997 ለወጣው «ዘ ከርስ ኦቭ መንኪ አይላንድ» የመልክዐ ምድሩን ሥዕል የሠሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው እዚህም ይታያል። ጠመም ያለው ግንብና ሰማያዊው ሌሊት ከማስፈራት ይልቅ ያባብላሉ።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ጀግኖች ያገኙትን ሁሉ ኪሳቸው የሚከቱ ናቸው። ሞና ግን አንዳንዱን ዕቃ በሐሳቧ ይዛ ታልፋለች፤ ሲያስፈልጋት ሄዳ ታመጣዋለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ከሰውዬዋ ጠባይ ጋር ትገጥማለች።

ይህን ጸሐፊ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የያዘው ነገር ሌላ ነው። እግር የማይደርስበት ቦታ ሲያጋጥም ሞናን የሌሊት ወፍ አድርገን የምናበርራት እኛ ነን። አፏ ይክዳል፤ እጃችን ይመሰክራል። ልቦለድ ቢሆን ክሕደቷን እናነብብ ነበር፤ እዚህ ግን ያለ እኛ ጠቅታ አትንቀሳቀስምና ግብረ አበሮች ነን። ሳቁም ትንሽ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው፤ ወደ አገሯ ለመመለስ የምትጠቀምበት ኃይል ያው የምትክደው ማንነቷ ነው።

እንከን አይጠፋውም። ጓደኛዋ ፍሮደሪክ የተባለው የሌሊት ወፍ ነገረኛ ነው፤ ሁለቱ ወሬ ሲጀምሩ ማቆሚያ የላቸውም። ጠቅታው ራሱ የነገረንን ቀልድ በቃል ደግመው ሲያብራሩት ቀልዱ ይቀዘቅዛል። ደራሲዎቹ ሐሳባቸውን የበለጠ ቢያምኑት ኖሮ ግማሹን ንግግር ባስቀሩት ነበር።

አንባቢ አንድ ነገር አውቆ ይግባ። ታሪኩ «ይቀጥላል» ብሎ ይቆማል፤ ታውጆ የነበረው ሁለተኛው ክፍልም አልወጣም። ሞና ፓሪስ አልገባችም። ቢሆንም ይህ ጸሐፊ በመጀመሩ አልተጸጸተም፤ መንገደኛዋ ፓሪስ ትድረስ አትድረስ ከማለት ይልቅ ብትደርስ የምትደርሰው የትኛዋ ሞና ናት የሚለው ጥያቄ ኮምፒዩተሩ ከተዘጋም በኋላ አብሮ ይሰነብታል።