አጥፍታችሁ አብርታችሁታል? «ዘ አይቲ ክራውድ» ስለ ዝምተኛው የአይቲ ሰው የሳተው ነገር

ቁመቴ 1 ሜትር ከ93 ነው። ብዙ አላወራም። ሁለተኛ ዲግሪዬን ከመጀመሬ በፊት ሁለት ዓመት በአይቲ ድጋፍ ሠርቻለሁ። ይህን የሰማ ሰው «‹ዘ አይቲ ክራውድ›ን አይተኸዋል?» ብሎ ይጠይቀኛል። አይቼዋለሁ፤ 25ቱንም ክፍል፣ አንዳንዱንማ ሦስት ጊዜ። ስቄያለሁም። ግን ከድራማው ጋር አንድ ጠብ አለኝ፤ ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ከ2006 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዙ ቻናል 4 የታየ፣ አየርላንዳዊው ግራሃም ሊነሃን የጻፈው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው። አራት ምዕራፍ ሄዶ በ2013 በአንድ ልዩ ክፍል ተቋጨ። ታሪኩ ለንደን ውስጥ ያለ አንድ የፈጠራ ኩባንያ ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚካሄደው። ላይ ፎቅ ያለው ሁሉ ያብረቀርቃል፤ ታች ኮተትና ገመድ። እዚያ ሮይ (ክሪስ ኦዳውድ) እና ሞስ (ሪቻርድ አዮአዴ) የሚባሉ ሁለት ረጃጅም ሰዎች ስልክ እየጠራ ዝም ይሉታል። ጄን (ካትሪን ፓርኪንሰን) ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ምንም ሳታውቅ አለቃቸው ሆና ትመጣለች። በመጀመሪያው ክፍል ሶኬት ላይ ባልተሰካ ኮምፒውተር ስትጽፍ ይይዟታል።

የድራማው ትልቁ ቀልድ የሮይ የስልክ መልስ ነው። ማንም ይደውል፣ ችግሩ ምንም ይሁን፣ «አጥፍተህ አብርተኸዋል?» ይላል። ሲሰለቸው ድምፁን በቴፕ ቀድቶ ቴፑ እንዲመልስለት ያደርጋል። ተመልካቹ የሚስቀው ሰነፍ ሰው ያየ መስሎት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከድራማው ሁሉ ትልቁ የምህንድስና እውነት ይኸው መሆኑ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የምትሠሩበት ፕሮግራም በየቅጽበቱ አንድ «ሁኔታ» ላይ ነው፤ የትኛው ፋይል ተከፍቷል፣ የትኛው ቁጥር የት ተቀምጧል፣ ማን ማንን እየጠበቀ ነው። ሁኔታዎቹ ተቆጥረው አያልቁም፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውም ሁሉንም አልሞከራቸውም። በደንብ የሚያውቀው አንድ ቦታ መነሻውን ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ በየዙሩ አዲስ ሲኒ እያነሣ ያሮጌውን እንደማይመልስ ቡና ጠጪ ነው፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ረከቦቱ ባዶ ይቀራል። የራም ማስታወሻ መረጃውን የሚይዘው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ኤሌክትሪክ ያዦች ነው። እነሱም ስለሚያፈሱ በየ64 ሚሊሰከንዱ ገደማ መታደስ አለባቸው። ኃይሉ ሲቋረጥ ሁሉም ይጠፋል፤ ሲኒዎቹም በሙሉ ወደ ረከቦቱ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ድራማውን ላርመው፤ የ2006 ምክር ዛሬ እንዳለ አይሠራምና። ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ከ2012 ወዲህ በብዙ ላፕቶፖች ላይ «ሻት ዳውን» ስትሉ ማሽኑ እውነት አይደለም የሚጠፋው። ቶሎ እንዲከፈት ሲባል የሥርዓቱ እምብርት ያለበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ጠዋት ስትከፍቱት ተመልሶ ይጫናል፤ «ፋስት ስታርትአፕ» ይሉታል። የትናንቱ ችግር አብሮ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ከባዶ የሚያስነሣው «ሪስታርት» ነው። (እኔ ራሴ ይህን እየጻፍኩበት ያለው ላፕቶፕ ሪስታርት ካየ 41 ቀኑ ነው። የሐኪም ልጅ እንደማይታከመው።)

ቀልዱ ቀልድ ብቻ ያልሆነበትን ቀን ደግሞ ልንገራችሁ። የካቲት 25 ቀን 1991፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የነበረ የአሜሪካ ፓትሪየት ፀረ ሚሳኤል እየመጣ ያለውን የኢራቅ ስከድ ሳይመታው ቀረ። ሚሳኤሉ የወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 ሰው ገደለ። ምክንያቱ ሰዓት ነበር። ሥርዓቱ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። አንድ ሦስተኛን በአሥርዮሽ ስንጽፍ 0.333 ብለን የሆነ ቦታ እንቆርጠው የለ? በሁለትዮሽ ደግሞ 0.1 ራሱ አያልቅም፣ ስለዚህ በ24 ቢት ላይ ተቆረጠ። የጠፋው ከሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ አይበልጥም። ግን ማሽኑ ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሠርቶ ነበር፤ 3.6 ሚሊዮን ጊዜ ቆጥሯል ማለት ነው። አባዙት፦ 0.34 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ስከድ ደግሞ በዚያች ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ራዳሩ የተሳሳተ ቦታ ላይ ፈለገውና አጣው።

ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነበር የሚወስደው፤ ሰዓቱም ከዜሮ ይጀምር ነበር።

አሁን ልብ በሉልኝ። ችግሩ ይታወቅ ነበር። እስራኤሎች አስቀድመው አይተውት ለአሜሪካኖቹ ነግረዋል። ለተጠቃሚዎቹም መልእክት ተልኳል፤ በጣም ረጅም ሰዓት ካሠራችሁት ይዛባል የሚል። «በጣም ረጅም» ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን የጻፈላቸው አልነበረም። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው። የሒሳቡ ስህተት ጥቃቅን ነበር፤ ትልቁ ክፍተት የሚያውቀው ሰው ለሚሠራበት ሰው በነገረበት መንገድ ላይ ነው።

የእኔ ጠብም ከዚህ ይነሣል። ድራማው ማሽኑን በትክክል ገብቶታል፣ ሰውየውን ግን ስቶታል። ሮይና ሞስ ማሽን የሚችሉት ሰው ስለማይችሉ ነው ይለናል፤ ዝምታቸውንም ከንቀት ጋር አንድ ያደርገዋል። እስኪ ከራሴ ሥራ አንዱን ላንሣ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። የሒሳብ ክፍሏ እትዬ (ስማቸውን ልተወው) ኮምፒውተራቸው ከሰዓት በኋላ ሁሌ ይንቀራፈፋል። «ሪስታርት ያድርጉት» እላለሁ፣ «እሺ ልጄ» ይሉኛል፣ አያደርጉትም። ለሦስት ሳምንት እንደዚህ ሆንን። እኔም በሆዴ ሮይን ሆኜ ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛቸው ሥር ታጥፌ ገመድ ስፈትሽ (ይህ ቁመት ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም) ዝም ብዬ አዳመጥኳቸው። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ የወሩ ደመወዝ መዝገብ ሳይቀመጥ ሄዶባቸዋል። «ያኔ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ ሲበራ ልቤ ይመታል» አሉኝ። ፋይላቸው በየአምስት ደቂቃው ራሱን እንዲያስቀምጥ አድርጌ፣ ፊታቸው አጥፍቼ አብርቼ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከምሳ ሲመለሱ ራሳቸው ሪስታርት ያደርጉት ነበር። ዝምተኛ መሆኔ እዚያ ጠረጴዛ ሥር ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም። ዝምተኛ ሰው ብዙ ሰው መሀል ይደክመዋል እንጂ ሰው አይጠላም።

«ኮምፒውተር የሚችል ሰው አይወድም» የሚለውን ወሬ ሊነሃን አልፈጠረውም፤ ተረክቦ አሳመረው። በ1966 ካነንና ፔሪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች 1,378 ፕሮግራመሮችን ጠይቀው ነበር፤ ሴቶቹ 186 ብቻ ናቸው። ካገኙት አንዱ ፕሮግራመሮች ሰው አይወዱም የሚል ነው። በዚያ ዘመን ኩባንያዎች ፕሮግራመር ሲቀጥሩ የዝንባሌና የስብዕና ፈተና ይሰጡ ነበር። ሰው የማይወድ ለመሰለው ነጥብ የሚሰጥ ፈተና ካስቀመጣችሁ የምትቀጥሩት ማንን ነው? ከዓመታት በኋላስ ቢሮውን አይታችሁ ምን ትላላችሁ? እኛ ይህን ራሱን የሚያጎላ ዑደት እንለዋለን፤ ማይክሮፎን ስፒከር አጠገብ ሲቀርብ የሚጮኸው ዓይነት። ያኔ ኤኒያክን በ1940ዎቹ አጋማሽ ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች መሆናቸው ተረሳ።

ነገሩ የድሮ ታሪክ ቢሆን ዝም ባልኩ። ባለፈው ሴሚስተር ላብ የማስተምራት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ትምህርት ክፍል ልትቀይር እንደሆነ ነገረችኝ። ውጤቷ ጥሩ ነው። ምክንያቷ፦ «እኔ ሰው እወዳለሁ፣ ማውራት እወዳለሁ፤ ይሄ የእንደ አንተ ዓይነት ሰው ሥራ ነው።» ቅር አለኝ፣ ግን ምን ልበላት? ለመሳቅ ያህል ብዬ የ3ኛውን ምዕራፍ 4ኛ ክፍል ሰጠኋት። ያ ክፍል ሮይና ሞስ ጄንን ሊያዋርዱ ቀይ መብራት ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ሰጥተው «ኢንተርኔት ይህ ነው» የሚሏት ነው። ጄን አምና ሳጥኗን ለባለ አክሲዮኖቹ ስታቀርብ፣ እነሱም ያምናሉ። ሳጥኗ ስትሰበር አዳራሹ ዓለም ያለቀ መስሎት ይተራመሳል። እንደ ቀልድ ከድራማው ምርጥ ነው፤ ሁለቱ አዋቂዎች ራሳቸው የቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ያሳያል። ግን በ25 ክፍል ውስጥ አንዴም እንኳ ጄንን አስቀምጦ የሚያስረዳት የለም። አለማወቋ ለድራማው ነዳጅ ነው፤ ብታውቅ ቀልዱ ያልቃል።

ተማሪዋ በማግስቱ ላብ መጣች። እንደሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «ግን ለምን ዝም ብለው አልነገሯትም? ራውተር አጠገባቸው ነበር፤ ከፍተው ማሳየት እኮ አሥር ደቂቃ ነው» አለችኝ። መፍቻ አንሥቼ ያሮጌ ራውተር ሰጠኋት። የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ሁለት ሰዓት ላይ ይመጡ ነበር፤ ያን ቀን ያስረዳቻቸው እሷ ናት፣ እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር።