ሲ3 ላይ የቆመው ፈረስ፦ የድራጎን አከፋፈት ዳግም ሲታይ

በሲሲሊያን መከላከያ ሥር ከሚመደቡት የቼዝ አከፋፈቶች አንዱ የሆነው ድራጎን፣ በተለይም ነጭ በዩጎዝላቭ ጥቃት ሲገጥመው፣ ዘወትር እንደ ሩጫ ይተረካል፤ ነጭ ንጉሡን በንግሥቷ ክንፍ፣ ጥቁር በራሱ በንጉሡ ክንፍ ይከልላሉ፣ ከዚያም እያንዳንዱ በባላጋራው ንጉሥ ላይ ይዘምታል፣ ቀድሞ የደረሰም ያሸንፋል። ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1958 ፖርቶሮዥ ላይ ላርሰንን የረታበትን ጨዋታ ሲያብራራ የነጭን ሥራ የኤችን ዓምድ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን የመጨረሻ የቤቶች መስመር፣ ከፍቶ መሥዋዕት እያቀረቡ ማት ወደ ማድረግ ማውረዱ ይህን ትረካ አጽንቶታል። ቀመሩ ያምራል፤ ለአከፋፈቱ ግን ፍርደ ገምድል ነው።

የድራጎን እውነተኛ ጥያቄ ያለው ሲ3 ላይ ነው። ጥቁር በሲ ዓምድ ላይ የቆመውን ግንቡን ሰጥቶ እዚያ ያለውን ፈረስ ሲበላ በተለመደው ስሌት አምስት ሰጥቶ ሦስት ይቀበላል። ነገር ግን ነጭ በቢ2 ወታደሩ መልሶ ለመብላት ከተገደደ የንጉሡ አጥር ይፈርሳል፣ ወታደሮቹ ተነጣጥለው ይቀራሉ፣ ከሁሉም በላይ ዲ5 ላይ ዘሎ የጥቁርን ንጉሥ ጠባቂ ሊያስወግድ የሚችለው ፈረስ ከሰሌዳው ይጠፋል። ስለዚህ መሥዋዕቱ ከጥቃትነቱ ይልቅ መከላከልነቱ ያመዝናል። ንግሥቶች ከተለዋወጡ በኋላም እንኳ ብዙ ጊዜ ዋጋውን አለማጣቱ ለዚህ ምስክር ነው።

ነጭም ቢሆን ከመጀመሪያው በስጋት የሚጫወት ነው። በዘጠነኛው እርምጃ ጳጳሱን ሲ4 ላይ የሚያኖረው ኤፍ7ን ለማነጣጠር ብቻ ሳይሆን ጥቁር የዲ ወታደሩን ወደ ዲ5 ገፍቶ መሐሉን እንዳይከፍት ለማገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሞስኮ ላይ በተደረገው የዕጩዎች ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ካርፖቭ ኮርችኖይን በ27 እርምጃ ያሸነፈው የሲ3ን ወሳኝነት ጠንቅቆ በማወቁ ነው። በ16ኛው እርምጃ፣ ጥቃቱ ሊፋፋም ሲገባው፣ የዲ4 ፈረሱን ወደ ኢ2 መለሰ፤ የጥቁር ግንብ ሲ3ን ቢበላ በሌላ ፈረስ መልሶ ለመብላትና አጥሩን ላለማፍረስ ነው። በ19ኛው ደግሞ ግንቡን ዲ3 ላይ አቁሞ ሲ3ን በድጋሚ ደገፈ፣ በዚህም የኢ2 ፈረስ ለጥቃቱ ነጻ ወጣ። ኮርችኖይ ግን ሁለቱንም ግንቦቹን በሲ ዓምድ ላይ ደርድሮ የተዘጋ በር ሲያንኳኳ ቆየ፤ በ20ኛው ጂ5 ላይ የቀረበለትን ወታደር ሲበላም ከዓምዱ ራሱ ወጣ። ካርፖቭ ወዲያው ግንቡን ዲ5 ላይ አሳርፎ የጥቁርን ንግሥት ከግንቧ ለያያት። የ24ኛው እርምጃ፣ የኢ ወታደር ወደ ኢ5 መገፋት፣ ውበቱ አይካድም፤ ይሁን እንጂ መጻሕፍት አድናቆታቸውን ሁሉ በእርሱ ላይ ሲያፈሱ፣ ጨዋታውን ያሸነፈውን የፈረሱን ማፈግፈግ በአንድ መስመር ያልፉታል።