በክረምት እግርን መሰብሰብ

ዘጌን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ መጥቶ የገዳማቱን ሥዕል አይቶ ይመለሳል። ለግብርና ሰው ግን የዘጌ ትምህርት ያለው ሐምሌ ላይ ነው፣ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ገና ሲያባራ። ከጀልባ ማረፊያው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው የእግር መንገድ በዚያ ሰዓት ወንዝ ሆኖ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ታጥቦ አግጥጧል፣ የዛፉ ሥር ተራቁቷል፣ ውኃው ደፍርሷል። ከመንገዱ ወጣ ብለው ጥቂት እርምጃ ወደ ቡናው ሲገቡ ግን የሚፈስ ነገር የለም። ከብርብራውና ከዋንዛው የረገፈውን ቅጠል በእጅ ገለጥ ቢያደርጉት ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁር፣ ልልና እርጥብ ነው፤ ጣት ያለ ትግል ይገባበታል። ያንኑ ጣት መንገዱ ላይ ቢሞክሩት ይታጠፋል። ዝናቡ አንድ ነው፣ ተዳፋቱም አንድ ነው፣ አፈሩም ድሮ አንድ ነበር። መንገዱን እንዲህ ያደረገው የሰው እግር ነው፤ የከብት ሸኮና ቢጨመርበትማ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም።

አልተጨመረበትም፤ ክልክል ነውና። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት በልማድ አይፈቀድም። ትውፊቱ ነገሩን ወደ አቡነ በትረ ማርያም ይወስደዋል፦ ሕዝቡ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እየተከለ ያለ ሞፈርና ቀንበር እንዲኖር ጻድቁ ቃል ኪዳን ተቀበሉለት ይባላል። የዘጌ ሰው ቡናውንና ጌሾውን ሸጦ እህሉን ከውጭ ይገዛል። የሃይማኖቱን ምሥጢር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። በግብርና ባለሙያ ዓይን ሳየው ግን፣ ይህ ክልከላ እኛ በስብሰባና በሥልጠና ማስጠበቅ ያቃተንን አንድ ነገር ለዘመናት አስጠብቋል፤ እርጥብ ተዳፋት ላይ ማረሻም ሸኮናም እንዳይወጣ።

ክረምት ሲነሳ ሁላችንም ስለ ዝናብ መጠን ማውራት ይቀናናል። በባሕር ዳር ዙሪያ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ ሐምሌና ነሐሴ ይወስዳሉ። ቁጥሩን ማወቅ ደግ ነው። ገበሬው ግን ዝናቡን አይጨምረው፣ አይቀንሰው። በእጁ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የወረደው ውኃ በየት ይሂድ፣ እርጥቡን መሬትስ ማን ይርገጠው። በጣና ዳር ስሠራ ያየሁት የክረምት ጉዳት፣ የቡናውም የበቆሎውም የከብቱም፣ ብዙውን ጊዜ ከነዚህ ከሁለቱ ካንዱ የተነሣ ነበር።

ከቡናው ልጀምር። ችግኝ የሚተከለው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው። ጉድጓዱ ግን የበጋ ሥራ ነው፤ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ የላይኛው አፈር ከታችኛው ተለይቶ ተቀምጦ፣ ተመልሶ ተሞልቶ እስከ መትከያው ድረስ መርጋት አለበት። የተለመደው ጥፋት በመትከያው ቀን፣ በዝናብ መካከል መቆፈር ነው። እርጥብ አፈር በዶማ ሲመታ የጉድጓዱ ግድግዳ ይለሰናል፤ ውኃ አያሳልፍም። ጉድጓዱ እንደ ጋን ውኃ ይዞ ይቀመጣል። አዲሱ አፈር ሲረጋ ችግኙም አብሮ ይሰምጥና አንገቱ ይቀበራል። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ባለቤቱ ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ይጨነቃል። እንዲህ ያለውን ችግኝ ነቅላችሁ እዩት፦ ሥሩ ጠቁሯል፣ ልጡ በሁለት ጣት ሲሳብ ከእንጨቱ ይላቀቃል፣ ሽታው የረግረግ ነው። ለዚህ ዩሪያ መድኃኒት አይሆነውም። ችግኙን ከመሬቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ መትከል፣ አፈሩን ወደ ግንዱ ጉብ ማድረግና በታችኛው በኩል ለውኃው መውጫ መክፈት ነበር የሚያዋጣው።

አንድ የዘጌ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ስዘረዝርላቸው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ወፍ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ የዘራው ግን ይጸድቃል» አሉኝ። ወፍ ዘራሽ ችግኝ ከእናቱ ሥር፣ ከቅጠሉ ብስባሽ ላይ የሚበቅል ስለሆነ አንገቱ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ነው። ስለ ጉድጓዱ እስካሁን አቋሜን አልለወጥኩም። ስለ አንገቱ ግን እሳቸው ትክክል ናቸው።

በደን ቡና የክረምት ሥራ ከመቆፈር ይልቅ መመንጠር ነው። አረሙ በማጭድና በገጀራ ይታጨድና እዚያው ይነጠፋል፤ ዶማ የገባ እንደሆነ ከላይ ከላይ የተዘረጋውን የቡና ሥር ይቆርጣል፣ አፈሩንም ለጎርፍ ያጋልጣል። ጥላው ሊሳሳ የሚገባው ዝናቡ ሳይገባ ነው። በጣም የተጨናነቀ ጥላ ሥር እርጥበት ቀኑን ሙሉ ቅጠሉና ፍሬው ላይ ይውላል፤ የቡና ፍሬ በሽታም የሚወደው ይህን ቅዝቃዜና እርጥበት ነው። በሽታው በአገራችን የታወቀው በ1963 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ ገባ ያለ ጥቁር ጠባሳ ሆኖ ጀምሮ ፍሬውን ያደርቀዋል። ያረጀ ቡና በበጋ ሲጎነደልም ቁርጡ ዘንበል ብሎ መሠራት አለበት፤ ጠፍጣፋ የተቆረጠ ጉቶ ክረምቱን ውኃ ሲያቁር ይከርምና ከመሐሉ ይበሰብሳል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የጉንደላን ዘመቻ ስንገመግም ግን ስንት ሄክታር እንደተጎነደለ እንጠይቃለን እንጂ ቁርጡ ወዴት እንዳዘነበለ አንጠይቅም።

ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር ዙሪያና ወደ ሜጫ የሚሄድ ሰው ሌላ ዓለም ያገኛል። እዚህ በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ነው፤ ቀይ አፈር አለ፣ ከረባዳው ላይ ዋልካ አለ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውኃውን አላሳልፍም ይላል። በዋልካ ላይ የሚሠራ ገበሬ ትልቁ ሙያው መቼ እንደማያርስ ማወቁ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አፈር አንሥቶ በመዳፍ ማድቦልቦልና በአውራ ጣት መጫን። ከተፈረካከሰ ይታረሳል። ከተለጠጠና ፊቱ ካብረቀረቀ በሬውን ፈቶ ወደ ቤት መግባት ነው። ጊዜው አለፈብኝ ብሎ እንዲህ ያለውን መሬት ያረሰ ሰው ከማረሻው ሥር ጠጣር ንጣፍ ይሠራል። የበቆሎው ሥር እዚያ ላይ ደርሶ ወደ ጎን ይዞራል፤ ውኃም ከላዩ ይተኛል፤ ናይትሮጅኑ ከውኃው ጋር ይባክናል፤ በቆሎው በለጋነቱ ቢጫ ይሆናል።

ጤፍስ? ይህ ተቃውሞ በየስብሰባው ይነሣል፣ ተገቢም ነው። የጤፍ ማሳ ሊዘራ ሲል ከብት ወይም በግ ተነድቶበት ይረገጣል፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ የጸና መደብ ይፈልጋል፣ ጤፍም ከሌላው ሰብል ይልቅ ውኃ ይችላል። ልማዱ ምክንያት አለውና አልነቅፈውም። ግን በዚያው ሳምንት ዝናቡ እየበረታ ነው፣ ማሳውም ገና ራቁቱን ነው። ተዳፋት ላይ ያለ የተረገጠ የጤፍ ማሳ ያን ጊዜ የሚለቀውን ድፍርስ ውኃ ያየ፣ የጉማራና የርብ ወንዞች ለምን እንደዚያ ሆነው ጣና እንደሚገቡ ይገባዋል።

ለቆመ ውኃ የገበሬው የራሱ መልስ ፈሰስ ነው። ዘር ከተዘራ በኋላ በማረሻው ማሳውን አግድም ሰንጥቆ፣ ውኃው ሰብሉን ሳይጎዳ እንዲወጣ የሚያደርግ ቦይ። ባለሙያው ቢቢኤም የሚለው ሰፊ መደብ ማውጫም በመሠረቱ ይህንኑ ነው የሚሠራው። በፈሰስ አወጣጥ የገበሬ ዓይን ይለያል፤ ቁልቁለቱ ከበዛ ቦዩ እየተቆረጠ ቦረቦር ይሆናል፣ ካነሰ ውኃው ይቆምና ከላዩ ሞልቶ ይፈሳል። ችግሩ ፈሰሱ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ነው። የእኔ ውኃ የሚወጣው በጎረቤቴ ማሳ ነው፣ የእሱም ከእሱ በታች ባለው። በሐምሌ ወር በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚቀርበውን ጠብ ያዳመጠ ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል።

እኛ ባለሙያዎች ደግሞ ገበሬው ውኃ ሊያስወጣ ሲታገል እርከን ሠርተን ውኃ እንዲይዝ አስገደድነው። ዝናብ አጠር በሆነ አገር ደረጃውን የጠበቀ አግድም እርከን ሕይወት ነው። በጎጃም ዝናብና በዋልካ ላይ ግን ዝንባሌ የሌለው እርከን የላይኛውን ዳር ረግረግ ያደርገዋል፤ ገበሬው በሌሊት ቢያፈርሰው አይፈረድበትም። በደንበጫ አካባቢ በአንጀኒ ተፋሰስ በ1978 ዓ.ም. የተሠሩት ፋንያጁ የሚባሉት እርከኖች ቀለል ያለ ዝንባሌ ኖሯቸው ውኃውን ወደ መፋሰሻ የሚመሩ ነበሩ። ዕውቀቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእጃችን ነበር ማለት ነው።

ከብቱን ለማየት ሐይቁን ዞሮ ፎገራ መድረስ ያስፈልጋል። ሜዳው በክረምት ይጥለቀለቃል፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ የደረሰውን ጎርፍ ማንም አልረሳውም። የፎገራ ሰው ውኃውን ከማስወጣት ይልቅ ውኃ የሚወድ ሰብል መረጠ፤ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች የገባው ሩዝ ዛሬ የሜዳው ዋና እህል ነው፣ ኤክስ ጅግና የተባለውም ዝርያ የአካባቢውን ስም ይዞ ቀርቷል። ከብቱን ደግሞ ክረምት ሲገባ ወደ ደጋ ወዳለው ዘመድና ወደ ኮረብታው ይሰደዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ይመልሰዋል። የፎገራ ላም ረግረግና ዝንብ የምትችል፣ ወተቷም የተመሰገነ ናት፤ ዝርያዋን አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ያራባታል። ሩዙ ግን የግጦሹን ሜዳ በላው፤ ከብቱ የሚሰደድበትም የሚመለስበትም እየጠበበ ነው። ሁለቱም የክረምት ጥበብ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን እየገፋው ነው፣ እኔም ሩዝ ያጠገበውን ገበሬ ተው የምልበት አፍ የለኝም።

በእርጥብ ሜዳ ላይ የከረመ ከብት የሚታመመው በክረምት ብቻ አይደለም። የሸኮና መበስበስ ወዲያው ይታያል። ማገጥ በነሐሴና በመስከረም ለምልሞ ሲያጓጓ፣ ረኃብተኛ በሬ ከጤዛው ጋር ሲግጠው ሆዱ ይነፋል፤ ጠዋት ጭድ አስቀምሶ ማሰማራት ይህን ይቀንሰዋል። አባ ጎርባና አባ ሰንጋ ዝናብ ሳይገባ በክትባት ነው የሚቀደሙት። የጉበት ትል ግን ተንኮለኛ ነው። ትሉ በረግረግ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በውኃ ዳር ሣር ላይ ይለጠፋል፤ ከብቱ በክረምት መጨረሻና ውኃው ሲሸሽ ይግጠዋል፤ ከመንጋጋው ሥር ማበጥና መክሳት የሚጀምረው በበጋው ነው። ባለቤቱም መኖ አነሰው ይላል። ውኃው እንደሸሸ ወደ ለምለሙ ዳር አለመጣደፍ፣ ሣሩን አጭዶ በደንብ አድርቆ ማብላት፣ መድኃኒቱንም በበጋው መጀመሪያ መስጠት ይሻላል።

ከቡሄ በኋላ ክረምት የለም የሚለው አነጋገር ለደጋው ሊሠራ ይችላል፤ ለጣና ዳር አይሠራም። ዝናቡ ቢቀንስም ሐይቁ ከፍ ብሎ የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት መግቢያ ነው። ከዚያ በኋላ እየሸሸ ሲሄድ ጓያና ሽምብራ በቀሪው እርጥበት ይዘራሉ። ገበሬው ውኃውን እግር በእግር እየተከተለ፣ ደንገሉን እየመነጠረ ማረሱ ያሳስበኛል፤ ያ ዳር ከማሳው የሚወርደውን ደለል የሚያስቀር የመጨረሻው ማጥለያ ነው።

ለልማት ጣቢያ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። የተፋሰስ ዘመቻውን የምናካሂደው በጥርና በየካቲት ነው፤ መሬቱ ደርቆ፣ ውኃው በየት እንደሚሄድ ምንም ሳይታይ ገመድ እንዘረጋለን። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ከላይና ከታች ያሉትን ባለማሳዎች ይዛችሁ ተዳፋቱን ውጡ። ውኃው የመረጠውን መስመር በችካል ምልክት አድርጉ፣ የማን ውኃ በማን በኩል እንደሚወጣም እዚያው ተነጋግረው ይስማሙ። የበጋው እርከንና መፋሰሻ በዚያ ችካል ላይ ይሠራ።