ለኩራዝም ሂስ ይገባል

ሂስ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መጽሐፍ፣ ተውኔት፣ ሥዕልና ዜማ ነው። ሰው በእጁ ሠርቶ በየዕለቱ የሚገለገልበት ዕቃ ግን ከሐያሲው ብዕር ርቆ ኖሯል። ኩራዙን፣ በረባሶውን፣ የከሰል ማንደጃውን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ «ይህ ሥራ በምን ተሳካ? በምንስ ጎደለ?» ብለን ግን አንጠይቅም። ይህ ዝምታ ከየት የመጣ ነው? ምንስ ጉዳት ያስከትላል? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ጥቂት ሐሳብ ማቅረብ እወዳለሁ።

ወደ ጉዳዩ ያስገባኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባዘጋጀሁት አንድ አጭር ተውኔት፣ ድህነትን እንዲወክልልኝ ብዬ የሚጨስ ኩራዝ መድረክ ላይ አስቀመጥሁ። ትዕይንቱ ሲያበቃ ዕድሜያቸውን በቆርቆሮ ሥራ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ቀረቡኝና፣ «ልጄ፣ ተውኔቱ መልካም ነው፤ ኩራዙን ግን በድለኸዋል» አሉኝ። «እንዴት አባባ?» አልኋቸው። «ክሩን አስረዝመህ ለኮስኸውና አጨስኸው። ሠሪው ቢያይህ ያዝንብሃል» ሲሉ መለሱልኝ። ስለዚያ ተውኔት ከተሰጡኝ አስተያየቶች ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ነው። እኔ ምልክት ብቻ ባየሁበት ዕቃ ላይ እሳቸው የሰው ሥራ አይተውበታል።

እንግዲህ ኩራዝን እንደ ሥራ እንመልከተው። ይዘቱ ብርሃን ነው። ቅርጹም ባዶ ጣሳ፣ ክዳን፣ በክዳኑ መካከል የቆመች ቀጭን የቆርቆሮ ቱቦና የጥጥ ክር ነው። ክሩ ነጩን ጋዝ ከሥር እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ የሚነደውም በክሩ ጫፍ ላይ በሙቀት ወደ ተንነት የተለወጠው ጋዝ ነው። ቱቦዋ ሁለት ተግባር አላት፤ ክሩን ትይዛለች፣ ነበልባሉንም ከጣሳው ጋዝ ታርቃለች። ብትጠብ ክሩ ታንቆ ጋዙ አይወጣም፤ ብትሰፋ ክሩ ይንሸራተታል። ትርፍ ነገር አንድም የለም። እኛ ገጣሚዎች በአንድ ስንኝ ውስጥ ለማግኘት የምንደክምለት ቁጥብነት በአንዲት ጣሳ ላይ ተገኝቷል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ፋኖስ ያለው መስተዋት ኩራዝ የለውም። መስተዋቱ ነበልባሉን ከነፋስ ከመከለሉም በላይ አየር ከሥር ወደ ላይ እንዲሳብ ያደርጋል። ይህ ስለጎደለው ጋዙ በሚገባ ሳይቃጠል ጥላሸት ይሆናል። ክሩን ማሳጠር ጭሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በዚያ ብርሃን ያጠናን ሰዎች ጠዋት ከአፍንጫችን የምንጠርገውን ጥቁረት አንረሳውም። በ1970ዎቹ ብዙ ልብ ወለዶችን ለአንባቢ ያደረሰው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ስሙን ከዚህች መብራት ሲዋስ ብርሃኗን ወሰደ፤ ጭሷ ግን ለባለቤቶቿ ቀረ። ዛሬ በብዙ ቤት አምፖልና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ተክተዋታል፤ መልካም ሆነ። የኩራዝን አሠራር የሚያደንቅ ሰው ጭሱ እንዲመለስ አይመኝም።

በረባሶም እንዲሁ ነው። ካረጀ የመኪና ጎማ የተቆረጠው ይህ ጫማ እሾህ አይበሳውም፤ የጎማው ጉብጠት ከፊትና ከኋላ ቀና ስለሚያደርገው ለአረማመድ ይመቻል። በአንጻሩ ይከብዳል፣ በበጋ ይግላል፣ ማሰሪያውም ለእግር ምሕረት የለውም። ይህን ሁሉ የለበሰው ሰው ያውቀዋል፤ የጻፈው ግን የለም።

ላለመጻፋችን ምክንያቱ ንቀት ነው። የጥንቱ ንቀት ግልጽ ነበር፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራውን በሙያቸው ይሰድብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ በመሆኑ ነው። የዛሬው ንቀት ግን ውዳሴ ለብሶ ይመጣል። «የሕዝባችን ድንቅ ፈጠራ» ብለን እናጨበጭብና ሥራውን ሳንመረምር እናልፋለን። ለማንኛውም ተውኔት «ድንቅ ነው» ብቻ የሚል ሐያሲ ተውኔቱን እንዳላየው ይቆጠራል። ለባለ እጅ ሥራ ሲሆን ግን ይህንኑ እንደ ክብር እንቆጥረዋለን።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ ለብዙ ዓመታት ቁራሌው የሰበሰበው ሁሉ ሲከማች፣ በርሜሉ ተቀዶና ተቀጥቅጦ ማንደጃ ሲሆን ኖሯል። የስሙ ቃል ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?» ይላል። የሙያውም መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው፤ ሠሪው በእጁ ካለው ይነሣል፣ ካለውም የሚፈለገውን ያወጣል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜም ከመርካቶ የተጣሉ የኮምፒዩተር ክፍሎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየገዛ፣ ሽቦውን እንደ ክር እየጎነጎነ፣ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎችን አበርክቷል። ሥራዎቹ በውጭ አገር ሙዚየሞች ታይተዋል፤ ብዙም ተጽፎባቸዋል፤ ይገባቸዋል። በዚያው ገበያ በርሜል ለሚቀጠቅጠው ባለ ሙያ ግን አንድ መስመር አልተጻፈለትም። የአንዱ ሥራ ለዓይንና ለሐሳብ፣ የሌላው ለምድጃ በመሆኑ መለኪያቸው ይለያያል። አንደኛው ያለ መለኪያ የሚቀርበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ሂስ በመጥፋቱ የሚደርሰው ጉዳት በክብር ብቻ አያበቃም። ውዳቂ አሉሚኒየም አቅልጦ ድስት መሥራት በብዙ የአፍሪካ ከተሞች የተለመደ ሙያ ነው። በካሜሩን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዲህ ካሉ ድስቶች ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ወደ ምግብ ሊገባ እንደሚችል አሳይቷል። ድስቱ በቅርጹ ያማረ፣ በዋጋው የረከሰ ሊሆን ይችላል፤ ከምን እንደ ቀለጠ ያልጠየቀ አድናቂ ግን ለሠሪውም ለሚበላውም አልራራም። ሠሪው ሲያቀልጥ ጢሱን የሚምገው አስቀድሞ እሱ ነውና፣ ጥያቄው ከማንም በላይ የእሱ ጥቅም ነው። ወዳጅ ሐያሲ «ምን አለሽ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ውስጡስ ምን አለ?» የሚለውን ማንሣት አለበት።

ስለዚህ መምህራን አንድ ማንደጃ ወይም አንድ በረባሶ ወደ ክፍል አስገብተው ተማሪው ሠሪው ያሰበውን እንዲያነብ፣ የሳተውንም እንዲያርም ቢያለማምዱ፤ ትርኢት አዘጋጆች በእደ ጥበብ ዕቃው ሥር የአካባቢውን ስም ብቻ ሳይሆን የሠሪውንም ስም ቢጽፉ፤ እኛ ጸሐፍት ደግሞ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት የሠሪውን ሂስ ብንሰማ፣ የተነጋገርንበት ዝምታ መሰበር ይጀምራል።

ተውኔቴን በድጋሚ ሳቀርብ አዲስ ኩራዝ ከእኚያ አዛውንት ገዛሁ፤ ክሩንም እንዳሳዩኝ አሳጠርሁ። ከተዋንያኑ ስም ዝርዝር በታች የእሳቸው ስም ታተመ። አይተው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ኩራዙስ ተስተካክሏል፤ አሁን የረዘመው ንግግሩ ነው።» እሱንም አሳጥሬዋለሁ።